ጣልያን ወጣ፤ እንግሊዝስ መቼ ወጣ?

«አሜሪካኖች ከእንግሊዝ አገዛዝ ለመላቀቅ ለምን ተነሱ?» የሚለውን ጥያቄ ታሪክ ክፍለ ጊዜ ላይ ያልተጠየቀ የለም። መልሱንም ሁላችን እናውቀዋለን፦ ግብር በዛ፣ ሻይ ባሕር ውስጥ ተጣለ፣ ጆርጅ ዋሽንግተን ተነሳ፣ በቃ። «ኢትዮጵያስ ከእንግሊዝ እጅ ለመውጣት ለምን ታገለች?» ብትባሉ ግን አብዛኞቻችሁ «ኧረ እኛን እንግሊዝ መቼ ገዛን?» ነው የምትሉት።

ልክ ናችሁ፣ ቅኝ አልገዛችንም። ግን ጣልያን ከተባረረ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ እንግሊዛዊ ነበር። ፍርድ ቤት እንግሊዛዊ ዳኛ ተቀምጧል። ሰው ኪስ ውስጥ ያለው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነው። የጅቡቲ ባቡር በእንግሊዝ ጦር እጅ ነው። ኦጋዴንን የሚያስተዳድረው የእንግሊዝ መኮንን ነው። ሌላ አገር አውሮፕላን በኢትዮጵያ ሰማይ ለማለፍ የእንግሊዝ ጦር አዛዥ እሺ ማለት ነበረበት። ይህን ሁሉ ለማስለቀቅ አንድም ጥይት አልተተኮሰም፤ ግን ከ13 ዓመት በላይ ፈጅቷል።

እኛ ይህን ፔጅ የምናዘጋጀው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ሆነን ነው፤ ያ ዘመን ደግሞ ከሰፈራችን ስም ሳይቀር አልጠፋም። «ንፋስ ስልክ» ማለት ገመድ የሌለው ስልክ፣ ሬዲዮ ማለት ነው፤ ነገሩ አዲስ በነበረበት ጊዜ የወጣለት ስም ነው። «ኦልድ ኤርፖርት» የምንለው ስሙን ያገኘው ከቦሌ በፊት ከነበረው የልደታ አየር ማረፊያ ነው። ከሰፈራችን ወጣ ስትሉ ደግሞ ቸርችል ጎዳና፣ ሳንፎርድ ትምህርት ቤት፣ ረዳቱ «ዊንጌት! ዊንጌት!» እያለ የሚጠራው የታክሲ መስመር አለ። ሦስቱም የእንግሊዞች ስም ነው። እንዴት ነው ታዲያ አንድ አገር ባለውለታ ብላ ጎዳና የሰየመችለትን መንግሥት በቃህ ውጣልኝ ያለችው?

(ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው። የአሜሪካኖቹን ታሪክ ስናነሳ ብቻ እ.ኤ.አ. እንላለን።)

አንድ ወር የዘገዩት ንጉሥ

ከመጀመሪያው እንነሳ። ጣልያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስደት ላይ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ተቀመጡ። አርበኞች አምስት ዓመት ሙሉ በየጫካው ሲዋጉ እንግሊዝ ከጣልያን ጋር ላለመጣላት ብላ ዝም አለች፤ እንዲያውም ጣልያን ኢትዮጵያን መያዙን እስከ መቀበል ሄዳ ነበር። ነገሩ የተገለበጠው በ1932 ሰኔ ሙሶሊኒ ከሂትለር ጋር ወግኖ ጦርነት ሲያውጅባት ነው። በአንድ ጀምበር ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ወዳጅ ሆነች።

ጥር 12 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ተነስተው ኡም ኢድላ በተባለ ቦታ ድንበር ተሻገሩ። አብረዋቸው ሜጀር ኦርድ ዊንጌት ነበሩ። በሰሜን ጄኔራል ፕላት ከሱዳን ወደ ኤርትራ፣ በደቡብ ጄኔራል ከኒንግሃም ከኬንያ በሶማሊያ በኩል ገሰገሱ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የእንግሊዝ ጦር ስንል ሕንዶች፣ ሱዳኖች፣ ናይጄሪያውያን፣ ኬንያውያን፣ የጎልድ ኮስት (የዛሬዋ ጋና) ልጆችና ደቡብ አፍሪካውያን ማለታችን ነው። ገጠሩን ደግሞ ቀድመው ያስጨነቁት አርበኞች ናቸው፤ ጣልያን ከትላልቅ ከተሞችና ከዋና መንገዶች ርቆ እንደ ልቡ መንቀሳቀስ ካቆመ ቆይቶ ነበር።

መጋቢት 28 ቀን 1933 የከኒንግሃም ጦር አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ደርሰዋል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ክፍት ነው፤ ግን «ቆዩ» ተባሉ። የእንግሊዝ አዛዦች ምክንያት ያደረጉት ከተማው ውስጥ ያሉትን በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የጣልያን ሲቪሎች ነበር። ንጉሡና አርበኞቹ ሲገቡ ሕዝቡ በቀል ይወጣል ብለው ሰጉ። ስጋቱ ውሸት ነው አንልም። ግን የገዛ ዋና ከተማቸው ለመግባት ንጉሡ አንድ ወር ያህል ጠበቁ። የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው፣ ጣልያን በገባ ልክ በአምስት ዓመቱ። ያን ዕለት ባደረጉት ንግግር ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ለመኑ፤ የተፈራው እልቂትም አልሆነም።

«ነጻ ናችሁ፣ ግን ገና ነው»

የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንቶኒ ኢደን ከዚያ በፊት፣ በጥር 1933 መጨረሻ፣ ለፓርላማቸው ነጻ የኢትዮጵያ መንግሥት ዳግም ቢቆም እንግሊዝ ደስ እንደሚላትና የንጉሡን የዙፋን መብት እንደምትቀበል ተናግረው ነበር። ጥሩ ቃል ነው። መሬት ላይ ግን የመጣው «የተያዘ የጠላት ግዛት አስተዳደር» የሚባል ወታደራዊ ቢሮ ነው። የበላዩ ሰር ፊሊፕ ሚቸል ናይሮቢ ተቀምጠው ነበር፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ብርጋዴር ሞሪስ ሉሽ ነበሩ። ስሙን ደግማችሁ አንብቡት። «የተያዘ የጠላት ግዛት» ነው የሚለው፤ «ነጻ የወጣ አገር» አይልም።

ንጉሠ ነገሥቱ በገቡ በስድስተኛው ቀን፣ ግንቦት 3፣ ሚኒስትሮች ሾሙ። ሉሽ ተቆጡ። ክርክራቸው የሕግ ነበር፦ ከጣልያን ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ ንጉሡ ሙሉ ሥልጣናቸውን መልሰው መያዝ አይችሉም የሚል። በሌላ አነጋገር ኢትዮጵያ በወረቀት ላይ ገና የጣልያን ናት፣ ጣልያንን ያሸነፍነው ደግሞ እኛ ነን። በመጨረሻ ሹመቱ ቀረ አልተባለም፤ ሚኒስትሮቹ ለእንግሊዝ አስተዳደር አማካሪ እንደሆኑ ተቆጥሮ ታለፈ። የአገሩ ሚኒስትር፣ በአገሩ፣ የእንግዳው አማካሪ!

ሚቸል ደግሞ በዚያው ሰሞን ንጉሡ እንዲቀበሏቸው ያቀረቧቸው ቅድመ ሁኔታዎች ነበሩ። በውስጥም በውጭም ጉዳይ የእንግሊዝን መንግሥት ምክር መከተል፤ ግብር ስትጥሉም ሆነ ገንዘብ ስትመድቡ አስቀድሞ የእንግሊዝን ፈቃድ ማግኘት፤ በውጭ ዜጎች ላይ የሚፈርደው የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ይሁን፤ ጦራችን ካስፈለገው የትኛውንም የአገሪቱን ክፍል መልሶ ቢይዝ እንዳትቃወሙ። እኛ የግብሩን ነገር ስናነብ ነው ቦስተን ትዝ ያለችን። ወደ እሱ እንመለሳለን።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ እንግሊዞችም አንድ ልብ አልነበሩም። ለንደን ያለው ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት «ፋሺስትን ከኢትዮጵያ አስወጥተን እኛ ብንቀመጥ ዓለም ምን ይለናል?» የሚል ነበር። ናይሮቢና ካይሮ ያሉት የጦርና የቅኝ ግዛት ሰዎች ደግሞ ኢትዮጵያን የሚያዩት በለመዱት መነጽር፣ እንደ ኬንያና እንደ ታንጋኒካ ነበር። ጎንደር ላይ ጄኔራል ናሲ እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ድረስ ስላልተማረከ «ጦርነቱ አላለቀም» የሚለው ሰበብም ለጊዜው ሠርቷል።

የጥር 23ቱ ውል

ከብዙ ድርድር በኋላ ጥር 23 ቀን 1934 አንድ ስምምነትና አንድ ወታደራዊ ውል አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ። መጀመሪያ ያገኘነውን እንናገር፦ እንግሊዝ ኢትዮጵያ ነጻና ሉዓላዊ አገር መሆኗን በጽሑፍ ተቀበለች። ገንዘብም ሰጠች፤ ለመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ለሁለተኛው 1 ሚሊዮን፣ ውሉ ከቀጠለ ለሦስተኛው 500 ሺህ፣ ለአራተኛው 250 ሺህ። ካዝናው ባዶ ለነበረ መንግሥት ይህ ቀላል አይደለም፤ የደመወዝ ገንዘብ ነው። የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚስዮን አዲሱን ጦር ያሠለጥናል ተባለ።

ከዚያ የተከፈለው ዋጋ ይመጣል። አማካሪዎች እንግሊዛውያን ይሆናሉ፣ ንጉሡ ሌላ አማካሪ ለመጨመር እንግሊዝን ማማከር አለባቸው። የፖሊስ ኮሚሽነሩና ዳኞች ከእንግሊዝ ይመጣሉ፤ አንድ የውጭ ዜጋ ጉዳዩ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ይታይልኝ ካለ ቢያንስ አንድ እንግሊዛዊ ዳኛ ይሰየማል። የእንግሊዝ ተወካይ አዲስ አበባ ካሉት የውጭ መልእክተኞች ሁሉ ሁልጊዜ ቀዳሚ ነው። የኋለኛው የወንበር ጉዳይ ይመስላል፣ ግን በዲፕሎማሲ ወንበር ብዙ ይናገራል። ግብዣ ላይ፣ ሰልፍ ላይ፣ ዙፋኑ ፊት ሁልጊዜ አንድ አገር ብቻ ቀድሞ ከቆመ፣ ከውጭ የሚያየው ሰው «ይህች አገር የማን ናት?» ማለቱ አይቀርም።

መሬቱስ? ኦጋዴን፣ እንዲሁም በያኔዋ የፈረንሳይ ሶማሌላንድ (ጅቡቲ) ድንበር በኩል ያለው «የተከለለ ቦታ» የተባለው ክፍል በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቀሩ። ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር መስመርም እንዲሁ። ያኔ ኢትዮጵያ ሌላ የባሕር በር መንገድ የላትም ማለት ይቻላል፤ ባቡሩን የያዘ ቡናውን፣ ጨርቁን፣ ነዳጁን ያዘ ማለት ነው።

ውሉ አንድ ጥሩ ነገር ነበረው፣ እሱም በኋላ ቁልፍ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንደኛው ወገን የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሊያቋርጠው ይችላል ይላል።

በዚያው ዓመት፣ ነሐሴ 20 ቀን 1934፣ መንግሥት የባሪያ ንግድንና ባርነትን የሚከለክል አዋጅ አወጣ። ጉዳዩን ያነሳነው ያለ ነገር አይደለም፤ ኢትዮጵያን «ሞግዚት ያስፈልጋታል» ይሉ የነበሩ ሰዎች ሁሉ ሲጠቅሱት የኖሩት ባርነትን ነበርና።

ምኑ ነው ያንገበገበው?

አንደኛው ንብረት ነው። ጣልያን በአምስት ዓመት ውስጥ ብዙ መኪና፣ ማሽን፣ የፋብሪካ ዕቃ አስገብቶ ነበር። እንግሊዝ ይህን የጦር ምርኮ ነው ብላ ብዙውን ነቅላ ወደ ኬንያና ወደ ሌሎች ግዛቶቿ ወሰደች። የመንግሥታችን መከራከሪያ ደግሞ «ይህ በእኛ መሬት፣ በእኛ ሰው ጉልበት የተሠራ ነው፤ ካሳ ከተባለም ለእኛ ነው የሚገባው» የሚል ነበር። ለንደን ላይ ሆና ለኢትዮጵያ ጋዜጣ ታዘጋጅ የነበረችው ሲልቪያ ፓንክረስት ይህንን በራሷ መንግሥት ላይ አጥብቃ ጽፋለች። (አዎ፣ በኋላ አዲስ አበባ መጥታ ኖራ፣ አርፋ፣ ቅድስት ሥላሴ የተቀበረችው እሷ ናት።)

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ያን ጊዜ ገበያ የወጣ ሰው ማርትሬዛ ብር፣ የጣልያን ሊሬ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ የሕንድ ሩፒ ሳይቀር ሊያጋጥመው ይችል ነበር። እንግሊዝ ሽልንጉ ዋና ገንዘብ ሆኖ እንዲቀጥል ፈለገች። ሽልንግ የሚታተመው ለቅኝ ግዛቶቿ ነው፤ ገንዘብህ ሽልንግ ከሆነ ስንት ይታተም፣ ዋጋው ስንት ይሁን የሚለውን የሚወስነው ሌላ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ኦጋዴን ነው። «ለጊዜው» የሚለው ቃል ሰውን ያስፈራ ነበር፤ ፍርሃቱም ከንቱ አልነበረም፣ በኋላ እንደምናየው።

አራተኛውን ለመጻፍ ከበድ ይላል፣ ግን መዝለል ተገቢ አይመስለንም። በ1935 ትግራይ ውስጥ የወያነ አመፅ ተነሳ። መንግሥት አመፁን ለማፈን የእንግሊዝን እርዳታ ጠየቀ፤ በመስከረም 1936 መጨረሻ ከኤደን የተነሱ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቐለን ደበደቡ፣ ሰላማዊ ሰዎችም ተገደሉ። የራሱን ሕዝብ አመፅ ለማብረድ የውጭ አውሮፕላን የጠራ መንግሥት፣ በዚያው ዓመት ያንኑ የውጭ ኃይል «ከአገሬ ውጣ» ለማለት ይዘጋጅ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። ስለ ሉዓላዊነት ስናወራ ሉዓላዊነቱ የማን እንደሆነ መጠየቅም አለ፤ ይሄ ሌላ ሰፊ ርዕስ ነው።

ቦስተንና አዲስ አበባ

እስቲ አሁን ወደ አሜሪካኖቹ እንሂድ። እነሱም ጋ ነገሩ የጀመረው ከጦርነት ማግስት ነው። እንግሊዝ ፈረንሳይን ሰሜን አሜሪካ ላይ አሸንፋ በ1763 እ.ኤ.አ. ሰላም ሆነ። ቅኝ ግዛቶቹ «እልል! ጠላት ሄደ» አሉ። እንግሊዝ ደግሞ «ጠላታችሁን ያባረርኩበት ዕዳ አለብኝ፣ ክፈሉ» አለች። ጦሯንም አላስወጣችም። በ1764 የስኳር ግብርና ቅኝ ግዛቶቹ የራሳቸውን የወረቀት ገንዘብ እንዳያወጡ የሚገድብ ሕግ መጣ። በ1765 የቴምብር ግብር፤ ጋዜጣው፣ ውሉ፣ የመጫወቻ ካርታው ሳይቀር ቴምብር ይለጠፍበት ተባለ። ሰዎቹ «ወኪል በሌለን ምክር ቤት የተጣለ ግብር አንከፍልም» ብለው ተነሱ። የቴምብሩ ግብር ተሰረዘ፣ ግን ፓርላማው ወዲያው «በማንኛውም ጉዳይ ላይ ሕግ ላወጣባችሁ ሥልጣን አለኝ» የሚል አዋጅ ጨመረበት።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። በ1773ቱ የሻይ ሕግ ሻይ አልተወደደም፤ እንዲያውም ረከሰ። ቦስተን ወደብ ላይ 342 ሣጥን ሻይ ባሕር ውስጥ የተጣለው ዋጋው ስለተሰቀለ አይደለም፤ ርካሹን ሻይ መግዛት የፓርላማውን ግብር የመጣል መብት መቀበል ስለሆነባቸው ነው። በ1776 ሐምሌ የወጣው የነጻነት መግለጫ ውስጥ ካሉት 27 ያህል ክሶች ግብር አንዱ ብቻ ነው። ሌሎቹን ስታዩ ዳኞች ደመወዛቸውም ሹመታቸውም በንጉሡ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ፣ በሰላም ጊዜ ያለ ፈቃዳችን ጦር መቀመጡ፣ ከሌላው ዓለም ጋር እንዳንነግድ መከልከሉ ይላል።

ዳኛ፣ ጦር፣ ገንዘብ፣ ንግድ፣ ግብር። አዲስ አበባ ላይ ከ160 ዓመት በላይ ቆይቶ የተነሳው ቅሬታ ያው ነው ማለት ይቻላል።

ልዩነቱም ግን ትልቅ ነው። አሜሪካኖቹ አብዛኞቹ ራሳቸው የእንግሊዝ ልጆች ነበሩ፤ የተጣሉት ከእናት አገራቸው ጋር ነው። «ሰው ሁሉ እኩል ነው» ብለው ሲፈርሙ ከሕዝባቸው አምስተኛው ያህል በባርነት ሥር ነበር። ኢትዮጵያ ደግሞ ቅኝ ግዛት አልነበረችም፣ አዲስ አገር መመሥረትም አላስፈለጋት፤ የጠየቀችው የራሷን እንዲመልሱላት ነው። አሜሪካኖቹ ስምንት ዓመት ተዋግተዋል። እኛ ጋ ሥራው የተሠራው በብዕርና በትዕግሥት ነው፤ በዚያ ላይ ደግሞ በአንድ አዲስ ወዳጅ።

ያ ወዳጅ ማን መሰላችሁ? አሜሪካ!

አዲሱ ወዳጅ

አሜሪካኖች በነጻነት ጦርነታቸው ጊዜ የእንግሊዝን ባላንጣ ፈረንሳይን ይዘው ነው የተሻገሩት። ንጉሠ ነገሥቱና ሰዎቻቸውም ያን ዘዴ ተጠቀሙበት፤ እንግሊዝን የሚመጥናት ሌላ ኃያል ፈለጉ። በ1935 ይልማ ዴሬሳ ለዓለም አቀፍ የምግብና የእርሻ ጉባኤ አሜሪካ ሲሄዱ አጋጣሚውን ተጠቅመው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን አነጋገሩ። ነሐሴ 3 ቀን 1935 ከአሜሪካ ጋር የጦርነት ጊዜ እርዳታ ስምምነት ተፈረመ። አሜሪካ አዲስ አበባ ላይ ሌጋሲዮኗን ከፈተች። ከጦርነቱ በፊት ያገለገለው አሜሪካዊ የሕግ አማካሪ ጆን ስፔንሰር ተመልሶ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ገባ። እዚያ አብሮት የሚሠራው ፈረንሳይ የተማረው ወጣቱ ምክትል ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነው። አክሊሉ ያኔ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር።

በግንቦት 1936 ኢትዮጵያ የሦስት ወሩን ማስጠንቀቂያ ሰጠች፤ የጥር 23ቱ ውል ይብቃ አለች። እንግሊዞች ደነገጡ፤ ጊዜ ጠየቁ። ከዚያ በሎርድ ዴ ላ ዋር የሚመራ ልዑክ አዲስ አበባ ላኩ። ድርድሩ ወራት ወሰደ፤ ዋናው ቋጠሮ ኦጋዴን ነበር።

ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 አዲሱ ስምምነት ተፈረመ፤ በእኛ በኩል ጠቅላይ ሚኒስትሩ መኰንን እንዳልካቸው፣ በእነሱ በኩል ዴ ላ ዋር። የእንግሊዝ ተወካይ ቀዳሚነት ቀረ። ባቡሩ ተመለሰ። አማካሪ ከፈለግንበት አገር መቅጠር ቻልን። ጦራቸው ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ወጣ። ኦጋዴንና የተከለለው ቦታ ግን ለጊዜው በእንግሊዝ አስተዳደር ይቆዩ ተባለ፤ ልዩነቱ አሁን የኢትዮጵያ ሉዓላዊነት እንዳለ ሆኖ ለጦርነቱ የምታደርገው አስተዋጽኦ ነው ተብሎ መጻፉ ነው። እኛ እንደሚመስለን ይህች አንድ ሐረግ ናት በኋላ መሬቱን ያዳነችው፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ፊርማ ሥር አስቀርታለችና።

ሁለት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 6 ቀን 1937፣ ንጉሠ ነገሥቱ ስዌዝ ካናል አጠገብ በቆመች የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ ከሩዝቬልት ጋር ተገናኙ።

ብርና አውሮፕላን

ነጻነት በየኪሱ የገባው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ያን ቀን አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ። ኖቶቹ የታተሙት አሜሪካ ነው፣ ለ50 ሳንቲሙ የሚሆነውን ብርም ያቀረበችው አሜሪካ ናት፤ ኖቱ ላይ የፈረመው የመንግሥት ባንክ ገዢ ጆርጅ ብላወርስም አሜሪካዊ ነበር። (ሉዓላዊነት ሲባል ሁሉን በራስ ሰው መሥራት አይደለም መሰለን፤ ማንን እንደምትቀጥር መምረጥ ነው።) አንድ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ፣ ሽልንግም ከገበያ ወጣ። ዛሬ ቴሌብር ላይ የምትልኩት ብር ታሪኩ እዚህ ጋ ይጀምራል።

ሰማዩም ተለቀቀ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ፤ አጋር ሆኖ የተመረጠው የአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ ነው። መጋቢት 30 ቀን 1938 የመጀመሪያው በረራ ወደ ካይሮ ተነሳ። ከአራት ዓመት በፊት የሌላ አገር አውሮፕላን ያለ እንግሊዝ ጦር አዛዥ ፈቃድ በማያልፍበት ሰማይ ላይ።

ኦጋዴን፦ ረጅሙ «ለጊዜው»

እንግሊዝ ቶሎ አልለቀቀችም። በ1938 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ኧርነስት ቤቪን ሶማሌ የሚኖርባቸውን ግዛቶች፣ ኦጋዴንን ጨምሮ፣ በአንድ ላይ አድርጎ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ማስተዳደር የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ኢትዮጵያ አጥብቃ ተቃወመች፣ ሌሎች ኃያላንም አልደገፉትም፤ ሐሳቡ ወደቀ። ኢትዮጵያ በበኩሏ ኦጋዴንን ጭምር የሚያካትት የነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ ለአሜሪካው ሲንክሌር ኩባንያ በ1937 ጳጉሜን ሰጥታ ነበር። ነዳጁ ባይገኝም ፈቃዱ ራሱ ሥራ ሠርቷል፦ ፈቃድ ሰጪው ማን እንደሆነ አሳይቷል።

በመስከረም 1941 ጅጅጋና አብዛኛው ኦጋዴን ተመለሰ። በ1943 የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚስዮን ሥራውን ጨርሶ ወጣ። የቀረው ሐውድና የተከለለው ቦታ ነው። በጥቅምት 1947 ንጉሠ ነገሥቱ ለንደንን በይፋ ጎበኙ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያው ቸርችል ነበሩ። ኅዳር 20 ቀን 1947 ስምምነቱ ተፈረመ፣ የካቲት 21 ቀን 1947 የእንግሊዝ አስተዳደር ከሐውድ ወጣ።

በዚያ ቀን ሁሉም አልተደሰተም። ሐውድ ከድንበሩ ማዶ ያሉ የሶማሌ አርብቶ አደሮች ዝናብ ተከትለው ከብትና ግመል የሚያሰማሩበት ምድር ነው። የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ሰዎች «ሳንጠየቅ መሬታችንን ሰጣችሁብን» ብለው ለንደን ድረስ ልዑክ ልከው ተቃወሙ። ስምምነቱ ውስጥም ስለ ግጦሽ መብት አንቀጽ ገብቶ፣ የጎሳዎቹን ጉዳይ የሚከታተሉ የእንግሊዝ መኮንኖች እዚያው እንዲቆዩ ተደርጓል። እነዚያ መኮንኖች የሄዱት በ1952 ክረምት መግቢያ፣ የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ራሷ ነጻ ስትወጣ ነው።